የከተማችን አየር እየከፋ ነው ወይስ እየተሻለ? የአየር ብክለትን የረጅም ጊዜ አዝማሚያ ስለማንበብ

መግቢያ

ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ በጠራበት የመስከረም ጠዋት ከአዲስ አበባ መሐል ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው የእንጦጦ ዛፎች አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ይመስላል። በሌላ ቀን ግን ያው ተራራ ከግራጫ መጋረጃ በስተጀርባ ይደበቃል። ይህንን የተመለከቱ አንድ አዛውንት «በእኛ ጊዜ እንጦጦ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር» ቢሉና ወጣቱ የልጅ ልጃቸው «ጭጋግማ ድሮም ነበረ» ብሎ ቢመልስላቸው፣ ከሁለቱ ትክክለኛው ማን ነው?

የሰው ትዝታ ጠቃሚ ምስክር ቢሆንም ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በቂ ዳኛ አይደለም። ትዝታ ልዩ የሆነውን ቀን አጉልቶ፣ የተለመደውን ቀን ደግሞ ረስቶ ያቆያልና። ሳይንሳዊው መልስ የሚገኘው ለብዙ ዓመታት፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ፣ ሳይቋረጥ ከተመዘገበ ልኬት ነው። በዚህ ጽሑፍ የከተማ አየር ብክለት የረጅም ጊዜ አዝማሚያ ምን ማለት እንደሆነ፣ አዝማሚያውን ከዕለታዊ መዋዠቅ እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ እንዲሁም ረጅም መዝገብ ያላት ለንደንና የልኬት መዝገቧ ገና አጭር የሆነው አዲስ አበባ ምን እንደሚያስተምሩን እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እናሳስባለን።

የሚለካው ምንድን ነው?

ንጹሕና ደረቅ አየር በይዘት 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ደግሞ ኦክስጅን ነው። በካይ የምንላቸው ንጥረ ነገሮች ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ጉዳታቸው ግን በብዛታቸው አይገመትም። በከተማ አየር ውስጥ ዘወትር ከሚለኩት መካከል ዋና ዋናዎቹ ደቃቅ ብናኞች፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በምድር ገጽ አጠገብ የሚገኘው ኦዞን እና እርሳስ ናቸው።

የእነዚህ በካዮች ምንጭ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በዋናነት የሚወጣው ሰልፈር ያለበት የድንጋይ ከሰል ወይም ነዳጅ ሲቃጠል ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በሞተርና በምድጃ ውስጥ ባለው ከፍተኛ ሙቀት የአየሩ ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ይፈጠራሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ያልተሟላ ቃጠሎ ውጤት ነው። ኦዞን ግን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና በቀላሉ የሚተኑ የካርቦን ውሁዶች በፀሐይ ብርሃን አማካይነት እርስ በርስ ሲጸግቡ ይፈጠራል።

ከሁሉም በላይ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሳስቡት ዲያሜትራቸው 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት ደቃቅ ብናኞች ናቸው። እነዚህ ብናኞች በምኅጻር ፒኤም 2.5 ተብለው ይጠራሉ። ከአንድ የሰው ጸጉር ውፍረት ሃያኛ ወይም ከዚያ ያነሱ በመሆናቸው የአፍንጫንና የጉሮሮን መከላከያ አልፈው እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃሉ። ከሳንባ በሽታም ባሻገር ለልብ ሕመምና ለአንጎል የደም ሥር ጉዳት ምክንያት እንደሚሆኑ ተረጋግጧል። መጠናቸው የሚገለጸው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ባለ የማይክሮግራም ብዛት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ ከ10 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ መክሮ ነበር። በ2021 ይህን ቁጥር ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነጥብ አለ። ትናንት ከመመሪያው በታች የነበረች ከተማ ዛሬ ከመመሪያው በላይ ብትሆን የከተማዋ አየር ቆሸሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተለወጠው መመዘኛው ሊሆን ይችላልና። በመሆኑም አዝማሚያን ስናጠና የምናነጻጽረው የተለካውን መጠን እንጂ «ከደረጃ በላይ» ወይም «ከደረጃ በታች» የሚለውን ስያሜ መሆን የለበትም።

ከዕለታዊ ልኬት ወደ አዝማሚያ

በአንድ የልኬት ጣቢያ በየሰዓቱ የሚመዘገበው ቁጥር የበርካታ ምክንያቶች ድምር ውጤት ነው። አንደኛው ከተሽከርካሪ፣ ከፋብሪካ፣ ከምድጃና ከአቧራማ መንገድ የሚወጣው የበካይ መጠን ነው። ሁለተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። ነፋስ በካዩን ይበትናል፤ ዝናብ ያጥባል። ሦስተኛው ወቅቱና የቀኑ ሰዓት ነው። ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱና ከሥራ ሲመለሱ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ብዙ እሳት ይነዳል።

ከአየር ጠባይ ምክንያቶች መካከል አንዱን ለይተን እንመልከት። በተለመደው ሁኔታ አየር ከምድር ወደ ላይ በራቀ ቁጥር ይቀዘቅዛል። በመሆኑም ምድር አጠገብ የሞቀው ቀላል አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት ግን ምድር ሙቀቷን በፍጥነት ስለምታጣ ከበላይዋ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። ከእርሱ በላይ ያለው አየር ደግሞ ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ይህ የሙቀት መገልበጥ በተከሰተ ጊዜ ሞቃታማው የላይኛው አየር እንደ ድስት ክዳን ሆኖ ጭሱን ከታች ያፍነዋል። ከሁለት እኩል ጭስ ከወጣባቸው ቀናት አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው አደገኛ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አዝማሚያ የምንለው እነዚህ የአየር ጠባይና የወቅት መዋዠቆች ከተጣሩ በኋላ የሚቀረውን፣ በዓመታት ሂደት የሚታየውን አቅጣጫ ነው። ለማጣራት ከሚያገለግሉት ቀላል ዘዴዎች አንዱ ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ በአንድ ጣቢያ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የተመዘገበው የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በቅደም ተከተል 40፣ 46፣ 38፣ 37፣ 43 እና 35 ነው እንበል። ሁለተኛውን ዓመት ብቻ ያየ ሰው ብክለቱ በፍጥነት እየጨመረ ነው ይላል። ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ዓመት የተደረገውን ለውጥ ያየም እንዲሁ ይላል። የየሦስት ዓመቱን አማካይ በተከታታይ ብናሰላ ግን 41.3፣ 40.3፣ 39.3 እና 38.3 እናገኛለን። በሚዋዥቁት ቁጥሮች ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ቀስ በቀስ የመቀነስ አዝማሚያ አሁን ገሃድ ወጣ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ትርጉም የሚኖረው ግን አንዳንድ ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው። የልኬቱ ቦታ መለወጥ የለበትም፤ መለኪያውን ከአውራ ጎዳና ዳር ወደ መናፈሻ ውስጥ ማዛወር አየሩን ሳያጸዳ ቁጥሩን ያወርደዋልና። መሣሪያው ከተለወጠም አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን መሥራት አለባቸው። በመጨረሻም መዝገቡ መቋረጥ የለበትም። የክረምቱ ወራት ልኬት የጎደለበት ዓመት ክረምቱ ከተሟላበት ዓመት ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይችልም።

የለንደን መዝገብ ምን ይነግረናል?

በለንደን በጭስ ላይ የሚሰማው ቅሬታ ከልኬቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ጆን ኢቭሊን የተባለው ጸሐፊ በ1661 የከተማዋን የድንጋይ ከሰል ጭስ የሚያወግዝ ጽሑፍ ለንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ አቅርቦ ነበር። ቅሬታ ግን ልኬት አይደለም። የአየር ብክለትን በተቀናጀ ሁኔታ የሚመረምር ኮሚቴ በብሪታንያ የተቋቋመው በ1912 ነው።

ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952 ድረስ በለንደን ላይ ነፋስ የሌለው ቀዝቃዛ አየር ተኛባት፤ የሙቀት መገልበጥም ተከሰተ። ነዋሪው ለብርዱ በየቤቱ የድንጋይ ከሰል ያነድ ነበር። በአንዳንድ ጣቢያዎች የጥላሸቱ ዕለታዊ መጠን ከ4,000 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ በላይ ደረሰ። ሰዎች የገዛ እግራቸውን ማየት እስኪሳናቸው ድረስ ከተማዋ ጨለመች። የሞት መዝገቦች በተመረመሩ ጊዜ ከወትሮው በላይ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገመተ፤ ከዓመታት በኋላ የተደረገ ትንተና ደግሞ ቁጥሩን ወደ 12,000 ከፍ አድርጎታል። ይህንን መለየት የተቻለው የጭሱም የሟቾቹም ዕለታዊ መዝገብ በመኖሩ እንደሆነ ልብ እንበል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ባይቀመጡ ኖሮ አብዛኛው ሞት እንደ ተራ የክረምት ሞት ተቆጥሮ በታለፈ ነበር።

በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ታወጀ። በተመረጡ ሰፈሮች ጭስ የሚያወጣ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ተከለከለ፤ ምድጃ ለመለወጥም ድጎማ ተሰጠ። በ1961 አገር አቀፍ የልኬት መረብ ተዘረጋ። በዲሴምበር 1962 ከ1952ቱ ጋር የሚመሳሰል አየር ጠባይ ዳግመኛ ተከሰተ። በዚህ ጊዜ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው የሚስተካከል ቢሆንም ጥላሸቱ በግልጽ ቀንሶ ነበር፤ የሟቾቹም ቁጥር ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆነ። ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን የደገመችው ያህል ነበር።

ይሁን እንጂ ለውጡን ሁሉ ለሕጉ ብቻ መስጠት ስሕተት ይሆናል። ቤቶች ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዞረዋል፤ ከሰሜን ባሕር የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ የድንጋይ ከሰልን ተክቷል፤ በመሐል ከተማ የነበሩ ኃይል ማመንጫዎችም ተዘግተዋል። ለምሳሌ በባተርሲ የሚገኘው ታዋቂ ማመንጫ በ1983 ሥራውን አቁሟል። ሕግ፣ ኢኮኖሚና ቴክኖሎጂ በአንድ አቅጣጫ በገፉበት ጊዜ ጥላሸቱና ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ወደቁ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በዲሴምበር 1991 ለንደን እንደገና በታፈነ አየር ስትሸፈን ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነበር። ምድጃው ቦታውን ለመኪና ለቅቆ ነበርና። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለአዳዲስ መኪኖች የወጡት የጭስ ደረጃዎች በየጊዜው ጠበቁ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ብክለቱ በፍጥነት መውረድ ነበረበት። በመንገድ ዳር የቆሙት መለኪያዎች ግን ይህንን አላሳዩም። በሜሪለቦን ጎዳና ጣቢያ በ2000ዎቹ አጋማሽ ዓመታዊው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አማካይ ከ100 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ በላይ ነበር። የናፍጣ መኪኖች በቤተ ሙከራ ፈተና ከሚያወጡት በላይ በመንገድ ላይ ያወጡ እንደነበር ቆይቶ ተረጋገጠ፤ በ2015 ደግሞ አንድ ታላቅ የመኪና አምራች ፈተናውን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ያታልል እንደነበር ተጋለጠ። ከ2019 ጀምሮ ለንደን አሮጌ ተሽከርካሪዎችን የምታስከፍልበት ቀጠና በሥራ ላይ ከዋለና የ2020ው ወረርሽኝ ትራፊኩን ከቀነሰ በኋላ በዚያው ጎዳና የሚመዘገበው መጠን ከቀድሞው ግማሽ በታች ወርዷል። የተሰላው ሳይሆን የተለካው አየር የመጨረሻው ዳኛ መሆኑን ይህ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ

በካዮች ሁሉ በአንድነት አይወርዱም። ለዚህ ኦዞን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ሞኖክሳይድ ከኦዞን ጋር ተጸግቦ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ይሰጣል። በሌላ አነጋገር በተጨናነቀ ጎዳና ላይ የመኪናው ጭስ ኦዞኑን «ይበላዋል»። ጭሱ ሲቀንስ የሚበላው ስለሚያንስ በከተማ መሐል የኦዞን መጠን ከፍ ሊል ይችላል።

በቤጂንግም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንደ ከተማዋ መንግሥት ልኬት በ2013 ወደ 90 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ይጠጋ የነበረው የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በ2022 ወደ 30 ወርዷል። ለንደን በብዙ አሥርት ዓመታት ያከናወነችውን የመሰለ ለውጥ ቤጂንግ የድንጋይ ከሰል ማሞቂያዎችን በጋዝና በኤሌክትሪክ በመተካትና ፋብሪካዎችን በመቆጣጠር በአሥር ዓመት ውስጥ አሳይታለች። በዚያው ዘመን ግን በበርካታ የቻይና ከተሞች የኦዞን መጠን ጨምሯል። «አየሩ ተሻሻለ ወይ?» ለሚል ጥያቄ «የትኛው በካይ?» ብሎ መመለስ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባ መዝገብ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራሮች ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። የማገዶና የከሰል ጭስ፣ ያረጁ ተሽከርካሪዎች፣ የግንባታና የጥርጊያ መንገድ አቧራ እንዲሁም ሜዳ ላይ የሚቃጠል ቆሻሻ አየሯን ይበክላሉ። ሆኖም ፒኤም 2.5ን በየሰዓቱ የሚለካና ውጤቱን ለሕዝብ የሚያቀርብ መሣሪያ በከተማዋ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሥራ የጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት ስለነበሩት አሥርት ዓመታት በምን እንወቅ?

መልሱ ካልተጠበቀ ሥፍራ ተገኘ። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ የሚቲዎሮሎጂ ታዛቢዎች ለበረራ ደኅንነት ሲሉ እስከ ምን ያህል ርቀት ማየት እንደሚቻል በየጊዜው ይመዘግባሉ። ይህን የሚያደርጉት ስለ ብክለት አስበው አይደለም። ይሁን እንጂ ብናኝ ብርሃንን ስለሚበትንና ስለሚመጥ የእይታ ርቀት ስለ አየሩ ይናገራል። ግንኙነቱ በቀላል ቀመር ይገለጻል፦

የእይታ ርቀት = 3.9 ÷ የብርሃን መዳከም መጠን

የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ1974 ጀምሮ የተመዘገበውን የእይታ ርቀት መርምረው በናይሮቢ 60 በመቶ፣ በካምፓላ 56 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 34 በመቶ እንደቀነሰ አግኝተዋል። በቀመሩ እንፈትሸው። የአዲስ አበባ የእይታ ርቀት ከ1 ወደ 0.66 ከወረደ የብርሃን መዳከም 1 ÷ 0.66፣ ማለትም 1.52 እጥፍ ሆኗል፤ ጭማሪው 52 በመቶ ነው። ከመዳከሙ ከፊሉ የንጹሑ አየር ድርሻ በመሆኑና ይህም ስለማይለወጥ የብናኙ ጭማሪ ከ52 በመቶ መብለጥ ይኖርበታል። ተመራማሪዎቹ ለፒኤም 2.5 የገመቱት ጭማሪ 62 በመቶ መሆኑ ከዚህ ስሌት ጋር የሚጣጣም ነው። እንግዲህ አዛውንቱ አልተሳሳቱም። ወጣቱም ቢሆን በአንድ ነገር እውነት አለው፤ በጉምና በዝናብ ምክንያት ተራራው የሚሸፈንበት ቀን ድሮም ነበረ። ጭጋጉን ሁሉ ለጭስ መስጠት ስሕተት ነውና።

የአዲስ አበባ አዝማሚያ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ በገቡት ቃል መሠረት እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አስወግደዋል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳ የነበረው ይህ ምንጭ በአንድ ውሳኔ ደረቀ። በ2020 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሏል፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። እነዚህ እርምጃዎች ምን ያህል ጠቀሙ? ይህንን ሊነግረን የሚችለው ከእርምጃው በፊት የጀመረና ከእርምጃው በኋላ የቀጠለ ልኬት ብቻ ነው።

አሳሳቢው ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። በማርች 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከየአገሩ ኤምባሲዎች የሚሰበሰበውን የአየር ጥራት ልኬት በቀጥታ ማሰራጨቱን አቆመ። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ለተመራማሪዎች እንደ ማመሳከሪያ ያገለግል የነበረው የልኬት ምንጭ በዚህ ተቋረጠ። ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ አነስተኛ መለኪያዎች ክፍተቱን በከፊል ሊሞሉ ይችላሉ። ሆኖም ብናኝን በብርሃን መበተን የሚገምቱ በመሆናቸው አየሩ በረጠበ ጊዜ ከእውነተኛው በላይ ያሳያሉ፤ ከአስተማማኝ መሣሪያ ጋር በየጊዜው ካልተመሳከሩም የሚያሳዩት አዝማሚያ የመሣሪያው እንጂ የአየሩ ላይሆን ይችላል። የራሱን አየር በሌላ ሰው መሣሪያ የሚለካ ከተማ መሣሪያው በተነሣ ቀን መዝገቡም እንደሚቆም ከዚህ መማር ይገባናል።

ማጠቃለያ

የከተማ አየር ብክለት ከዕድገት ጋር አብሮ የሚመጣ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነ የለንደንና የቤጂንግ መዝገቦች ያሳያሉ። የወጣው መስመር ሊወርድ ይችላል፤ በራሱ ጊዜ ግን አይወርድም። ነዳጅ ሲለወጥ፣ ሕግ ሲወጣና ሕጉ መሥራቱ በመንገድ ዳር ሲለካ ይወርዳል። በአውሮፕላን ማረፊያ ቆመው እስከ የትኛው ተራራ እንደሚታይ በየዕለቱ የጻፉት ታዛቢዎች ሳያውቁት የአዲስ አበባን አየር ታሪክ አቆይተውልናል። እኛ ደግሞ እያወቅን ማቆየት እንችላለን። ከዛሬ አርባ ዓመት በኋላ «በዚያ ዘመን አየሩ እንዴት ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ መልሱ የሚገኘው ዛሬ በምንጀምረውና በማናቋርጠው መዝገብ ውስጥ ነው።

ለውይይትና ለተግባር

1. በጽሑፉ በተሰጠው ቀመር ተጠቅማችሁ በናይሮቢና በካምፓላ የብርሃን መዳከም በስንት በመቶ እንደጨመረ አስሉ። የብናኙ ጭማሪ ከዚህ የሚበልጠው ለምንድን ነው?

2. አንድ የልኬት ጣቢያ ለአሥር ዓመት ከአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ ከቆየ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ቢዛወር፣ የቀድሞውንና የአዲሱን ልኬት ለማገናኘት ምን ማድረግ ያስፈልጋል?

3. ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከዩኒቨርሲቲያችሁ ግቢ የሚታዩና ርቀታቸው የተለያየ አምስት ተራሮችን፣ ማማዎችን ወይም ሕንፃዎችን ምረጡ። በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የትኞቹ እንደሚታዩ፣ ዝናብ፣ ጉምና ነፋስ መኖር አለመኖሩንም ጨምራችሁ መዝግቡ። ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ደብተሩን ለተተኪዎቻችሁ አስረክቡ።